ሰሌዳው ላይ ፊደል አልነበረም

«አባት፣ እንደገና ያንብቡልኝ።»

«አነበብኩልሽ እኮ! ስንት ጊዜ ላንብብ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ። ቀስ ብለው።»

«ይቺ ልጅ ምን ነካት? እኔ ጭነት የተጫነ መኪና አቁሜ ነው የመጣሁት። ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«ይጠብቅ። ቀኝ ዓይንዎን እንደሸፈኑ ይበሉልኝ።»

አባቴ በረጅሙ ተነፈሰ። በቀኝ መዳፉ ቀኝ ዓይኑን እንደሸፈነ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ክፍል ፊት ቆሞ በቃሉ እንደሚወጣ ተማሪ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ኢ። ኤፍ ፒ። ቲ ኦ ዜድ። ኤል ፒ ኢ ዲ። ይበቃሻል?»

ዓይኑን የምትመረምረው ሲስተር ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ በሩ አጠገብ ተራዬን እየጠበቅኩ፣ በመስኮቱ በኩል ውጭ የሚያልፈውን ሰው ነበር የማየው።

«ልጁ ነህ?»

«አዎ።»

«እስቲ ሰሌዳውን እየው።»

አየሁት። መጀመሪያ ምን እንዳሳየችኝ አልገባኝም። ሰሌዳው እዚያው ግድግዳ ላይ፣ እዚያው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ኢ የለም። ኤፍ የለም። ፒ የለም። ሦስት ጥርስ ያላቸው፣ ሹካ የሚመስሉ ምልክቶች ብቻ ናቸው ያሉት፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ጎን የዞረ። ፊደል ለማያነብ ሰው የተዘጋጀው የሰሌዳው ጀርባ ነው። አባቴ የሚሸፍነውን ዓይን ሲቀይር ሲስተር ድምፅ ሳታሰማ ገልብጣዋለች።

«አባዬ» አልኩ።

«ምን?» አለኝ። ዓይኑን እንደሸፈነ ነው። አሁንም ፊቱ ወደ ሰሌዳው ነው። አሁንም በልበ ሙሉነት ቆሟል።

እዚያ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደገባን ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ያን ጊዜ የደረሰብኝ አይገባችሁም።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሜክሲኮ ካለ አንድ ኮሌጅ ሒሳብ አያያዝ ጀምሬ አቋርጫለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሠርቼ ሰለቸኝ፤ በሞተር ምግብ ማድረስ ሞክሬ ሰለቸኝ፤ የስልክ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ደግሞ ሥራው ሳይሰለቸኝ እኔ ባለቤቱን ሰለቸሁት። የማይሰለቸኝ ነገር ግጥም ብቻ ነበር። ማንም አላስተማረኝም። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡ ሰዎች የገዛኋቸው፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ መጻሕፍት ናቸው አስተማሪዎቼ። በየካፌው የግጥም ምሽት ሲኖር እመዘገባለሁ። ሲያጨበጭቡልኝ ለሳምንት ያህል መሬት አልረግጥም። ደግሞም «እኔ ዓይኔ ስለታም ነው» እያልኩ እኩራራ ነበር። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የጫማውን ክር ለምን በተለያየ ቀለም እንዳሰረ ሳልገምት አልወርድም።

አባቴ ሹፌር ነው። ሰፈራችን አብነት ውስጥ ጋሽ ግርማ ሲባል ሁሉም ያውቀዋል። ከጅቡቲ በተሳቢ ጭነት የሚያመላልስ፣ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እንኳን በደህና ገባህ» የሚለው ሰው ነው። ለእኔ ሥራ ሲፈልግልኝ ቆይቶ በመጨረሻ «ሹፌር ሁን» አለኝ። «አገር ታያለህ፣ ግጥምህንም እዚያው ትጽፋለህ፤ ደሞዝ የሚከፈለው ግጥም እሱ ብቻ ነው።» ሐሳቡ ልቤን ነካው። ደረቅ አንድ የሚባለውን የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ለመማር ማሠልጠኛው የሚጠይቀው መጀመሪያ የሕክምና ምርመራ ነው። የእሱም መንጃ ፈቃድ የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ስለነበር አብረን እንድንጨርስ ተነጋገርንና አንድ ጠዋት ወጣን።

ሜክሲኮ ጋ በሩ መስታወት የሆነ ክሊኒክ ገባን። እንግዳ ተቀባይዋ ዋጋውን ስትነግረን አባቴ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ «የኔ ልጅ፣ ዓይናችንን ልታዩልን ነው ወይስ ልትቀይሩልን?» አላት። ልጅቷ ስቃ አፏን ሸፈነች። እኔም ሳቅኩ። ወጣን።

ደጃፉ ላይ ኮፍያ ያደረገ ወጣት ደላላ ቆሞ «ሜዲካል! ሜዲካል!» ይላል፤ ልክ ታክሲ እንደሚጠራ ሰው። እንዳየን ተከተለን።

«ፋዘር፣ ለመንጃ ፈቃድ ነው አይደል? ምርመራ የለ፣ ወረፋ የለ። ስም ብቻ ስጡኝ። ሻይ አዛችሁ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዤ እመጣለሁ።»

አባቴ ዋጋ እንኳ ሳይከራከር እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። አባቴ ማለት የሎሚ ዋጋ ላይ ሩብ ሰዓት የሚከራከር ሰው ነው። ይህን ያኔ አላስተዋልኩም፤ ዛሬ ሳስበው ግን ይገርመኛል።

«አባዬ ተው» አልኩት። «ለውሸት ይህን ያህል የምንከፍል ከሆነ እውነቱ ልደታ በግማሽ ዋጋ አለ። ጓደኛዬ እዚያ ነው የጨረሰው።»

«ጊዜ የለኝም።»

«በእግር የሚደረስ ነው እኮ።»

«አልኩህ እኮ፣ ጊዜ የለኝም! ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው የምወጣው።»

«እንግዲያውስ አንተ ግዛ፣ እኔ አልገዛም። ነገ መሪ የምይዝ ሰው ዛሬ በውሸት አልጀምርም።»

ደላላው ሳቀብኝ። «ጀለስ፣ ፓርላማ ግባ» አለኝ። አባቴ ግን አልሳቀም። ኪሱ ውስጥ ያለውን እጁን ሳያወጣ ጥቂት አየኝና፣ «እሺ፣ ገጣሚው እንዳለው ይሁን» አለ። እምቢ ቢል ምክንያቱን መናገር ሊኖርበት ነው። ይህን የተረዳሁት በኋላ ነው።

የልደታው ክሊኒክ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ በፋርማሲና በፀጉር ቤት መካከል ያለ ጠባብ ቤት ነው። ኮሪደሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወይ ሹፌር ነው ወይ ሹፌር ሊሆን የመጣ። የምርመራው ክፍል ከኮሪደሩ የተለየው በስስ የቺፑድ ግድግዳ ስለሆነ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ውጭ ይሰማል። አንዱ ይገባል፤ «ግራዎን ይሸፍኑ» ስትል ይሰማል፤ ከዚያ «ኢ፣ ኤፍ ፒ፣ ቲ ኦ ዜድ…» ይላል። ሌላው ይገባል፤ ያንኑ ይላል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ተራው እስኪደርስ ሁሉም ሰሌዳውን በቃሉ ይዞታል።

«ሦስተኛው መስመር ምን ነበር ጀለስ?» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠ የሚኒባስ ሹፌር።

«ቲ ኦ ዜድ።»

«ሚኒስትሪ ስፈተን እንኳ እንዲህ ያለ ኩረጃ አላገኘሁም» አለ። ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ።

እኔ ደግሞ ሰው ሲስቅ ዝም ማለት አልችልም። ፊደሎቹን በሆያ ሆዬ ዜማ አስገባኋቸው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ኤፍ ፒ» ስል እነሱ «ሆ!» ይላሉ፤ «ቲ ኦ ዜድ» ስል «ሆ!» ይላሉ። ከውስጥ ሲስተር «እናንተ፣ ቡሄ ነው እንዴ?» ብላ ስትጮህ ደግሞ ባሰብን። ያን ቀን ወረፋው ደስ ይል ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች ትከሻዬን እየመቱ ያልፋሉ።

አባቴ ብቻ አልሳቀም። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ጸሎት የሚያደርስ መሰለኝ።

ሲስተር ጊዜ ለመቆጠብ ሁለት ሁለት ሰው ነበር የምታስገባው። አብረን ገባን። ታላቅ ስለሆነ እሱ ቀደመ። የደም ግፊቱን ለካች፤ «የወጣት ነው» አለችው። ጆሮውን ለመፈተን ከኋላው ሆና በሹክሹክታ ቁጥር ጠራች፤ በትክክል መለሰ። ግራውን ሸፍኖ በቀኙ ሰሌዳውን አነበበ፤ አንዲት ፊደል አልሳተም። «በሉ፣ አሁን ቀኝዎን ይሸፍኑ» አለችው። ቀጥሎ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ።

«አባዬ» አልኩ እንደገና። «ሰሌዳው ላይ ፊደል የለም።»

እጁ ከዓይኑ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። በቀኝ ዓይኑ ሰሌዳውን አየው። ሹካዎቹን አየ። ሲቆጣ አውቀዋለሁ፣ ሲያዝን አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም። ሕዝብ መሃል ልብሱን እንደገፈፉት ሰው ሆነ። ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

ሲስተር አልጮኸችም፣ አልገሠጸችም። ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ቀኝ ዓይኑን በራሷ እጅ ሸፈነችለት። ሌላውን እጇን በግራው በኩል ከጆሮው አጠገብ አንስታ ጣቷን እያንቀሳቀሰች ወደ ፊት አመጣችው።

«ጣቴ ሲታይዎት ይንገሩኝ።»

ጣቷ ጉንጩን አለፈ። ዓይኑ ፊት ደረሰ። አፍንጫው ጋ ቆመ። አባቴ ምንም አላለም።

«አልጀመርሽም እንዴ?» አላት።



ቀኙን ደግሞ እንዲሁ አየችው። በዚህኛው ጣቷን አያት፤ ግን ዘግይቶ ነው፤ እኔ ከቆምኩበት እንኳ ዘግይቶ እንደሆነ ታወቀኝ። ሲስተር እጇን አውርዳ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባት?»

«ትንሽ ጊዜ ነው።»

«ትንሽ ማለት?»

አባቴ ወደ እኔ አየ። «ልጁ ይውጣ።»

«ይቆይ። ቤት የሚያደርስዎት እሱ ነው።»

ወለሉን እያየ ተናገረ። «ከአምና ፋሲካ በፊት ነው። ጠርዝ ጠርዙን ነው የጀመረው። እንደ ጉም ነው። ዛሬ ይገፈፋል ነገ ይገፈፋል ስል፣ አንድ ቀን አዋሽ ላይ ፊቴን ስታጠብ ቀኙን ጨፈንኩት፤ ጨለማ ነው።»

«ሐኪም አዩ?»

«ሐኪም ባይ የሚለኝን አውቀዋለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«እኔ የዓይን ሐኪም አይደለሁም» አለች ሲስተር። «የዓይን ግፊት ሊሆን ይችላል፤ እርግጠኛ ሆኜ አልነግርዎትም። የጠፋው ላይመለስ ይችላል። ቀኙ ግን አሁን ካልታከመ እሱም መንገድ ጀምሯል። ዛሬ ነገ ሳይሉ ዓይን ሆስፒታል ይሂዱ። ወረቀቱን አልሰጥዎትም።»

«ሲስተር፣ እስከ ዛሬ እኮ እየነዳሁ ነው። አንድ ሰው አልነካሁም። ዶሮ እንኳ አልነካሁም።»

«የነዳው እግዜር ነው አባት።»

ይህን ስትል ጉዟችን ትዝ አለኝ። ከአባቴ ጋር ያለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ በመኪናው ሄጃለሁ። ጋቢና ውስጥ በቀኙ በኩል ተቀምጬ፣ እሱ ሲነዳ አየው ነበር። ሌላ ሹፌር በዓይኑ ብቻ የግራውን መስታወት ቃኝቶ ያልፋል። አባቴ ግን አንገቱን በሙሉ፣ እስከ ትከሻው ያዞር ነበር። ያ አዟዟሩ ውብ ሆኖ ታየኝ። ስመለስ ግጥም ጻፍኩለት፤

አንገቱን አዙሮ መንገዱን ሲቃኝ፣
አባቴ ንስር ነው ሜዳ ላይ ሲገኝ።

አንድ የግጥም ምሽት ላይ አነበብኩት። አጨበጨቡ። አንዲት ልጅ አልቅሳ ነበር። እኔ ስለታሙ፣ የጫማ ክር ሳይቀር የማየው፣ አባቴ ለምን አንገቱን እንደሚያዞር አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም። ሹፌር የሚቀመጠው በግራ ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና ሁሉ፣ አውቶቡሱም፣ ቦቴውም የሚያልፈው በግራው በኩል ነው። ጎኑ ተቀምጬ ሳለ በማያይበት በኩል ስንት ነፍስ እንዳለፈ ያን ጊዜ፣ ልደታ፣ ያቺ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሜ መቁጠር ጀመርኩ። መጨረስ አልቻልኩም።

የእኔን ምርመራ ሲስተር እንዴት እንደጨረሰችው አላስታውስም። ጤነኛ ነህ አለችኝ።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ያሉት «ፋዘር፣ አለፉ?» ብለው ጠየቁት። «አለፍኩ» አለ። ውጭ ፀሐዩ ከባድ ነበር። በፍጥነት ይራመዳል። ሳላስበው በግራው በኩል ሆኜ ክንዴን ወደ ክንዱ አስጠጋሁ።

«ግራዬን ልቀቅ» አለኝ።

«ወደ ዓይን ሆስፒታል እንሂድ።»

«እሄዳለሁ። ይህን ጭነት አድርሼ ስመለስ እሄዳለሁ።»

«ሰምተሃታል እኮ! ቀኙም እየሄደ ነው!»

«አትጩህ፤ መንገድ ላይ ነን» አለ። ባቡሩ ከላያችን እያለፈ ነበር፤ እስኪያልፍ ጠበቀ። «ስማ። ያለ ወረቀት ዛሬ አልወጣም፤ ዛሬ ካልወጣሁ ባለመኪናው መኪናውን ለሌላ ይሰጠዋል፤ ለሌላ ከሰጠው እኔ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? አንተ? በግጥምህ?»

ተመልሶ ሜክሲኮ ሄደ። ተከተልኩት። ክንዱን ያዝኩ፣ አስለቀቀኝ። እለምነዋለሁ፣ እቆጣለሁ፤ ሰው ቆሞ ያየናል። ደላላው እዚያው ነበር፤ ሲያየን ምንም አልገረመውም። አባቴ ስሙን ነገረው። ሻይ አላዘዝንም፤ ፀሐይ ላይ ቆምን። ጥቂት ቆይቶ ደላላው ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ መጣ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። ዓይን፦ ጤናማ። ጆሮ፦ ጤናማ። «ፋዘር፣ በዚህ ወረቀት አውሮፕላን ያስነዱዎታል» አለ።

ያ ቀን ሲያስደነግጠኝ ነው የዋለው፤ ይህን ሳይ ግን ድንጋጤው መልኩን ቀየረ። አባቴን ያላየ፣ አባቴ ወፍራም ይሁን ቀጭን የማያውቅ ሰው፣ የሆነ ቦታ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑ ጤናማ ነው ብሎ ፈርሟል።

ቤት ስንደርስ እናቴ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች፤ የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምትሰፋው። በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገርኳት። እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ። ፊቷ ላይ ግን መገረም አልነበረም።

«እማዬ… ታውቂ ነበር?»

«ከፋርማሲ የሚገዛውን የዓይን ጠብታ የማደርግለት እኔ ነኝ» አለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «የቤት ኪራይ የምንከፍለው፣ ያንተን ኮሌጅ የከፈልነው በምን መሰለህ? በዚያ ዓይን ነው።»

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

የቀኑን የመጨረሻ ሰዓት ከመንገሬ በፊት፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ከዚያ ቀን በፊት ያየሁትን ነገር ሁሉ አሳምሬ መጻፍ የምችል ሰው ነበርኩ። ሰው ሲያነክስ ሳይ አረማመዱ ዜማ ይሆንልኛል። ሴት ጎህ ሲቀድ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስትተክዝ ሳይ መስመር ይመጣልኛል። ለምን እንደሚያነክስ፣ ለምን እንደተከዘች መጠየቅ ግን ግጥሙን የሚያበላሽ ይመስለኝ ነበር። አባቴ በዓይኔ ፊት ሲታወር ቤት እስኪመታ ድረስ ቃል አስተካከልኩ። ያንን ግጥም ከዚያ ወዲህ አላነበብኩትም፤ አልቀደድኩትምም፤ አስቀምጬዋለሁ። አሁንም እጽፋለሁ። ግን መጀመሪያ እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ከጠየቅኩ በኋላ የሚጻፍ ግጥም አይኖርም፤ የሚሠራ ሥራ ነው የሚኖረው።

ሌላም አለ። ያቺን ወረፋ እያሰብኩ እስከ ዛሬ እበረግጋለሁ። ያን ያህል ሰው አብሮኝ «ሆ!» ሲል፣ ከመካከላችን ሳቅ ፈልጎ የሚያጠናው ስንቱ ነበር? እንደ አባቴ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሕይወቱን የሚያጠናውስ? ልደታ ያለችው ሲስተር ሰሌዳውን ትገለብጣለች። የማይገለብጡትስ? መንገድ ስሻገር ከባድ መኪና ሲመጣ አሁን የማየው መብራቱን አይደለም፤ የሹፌሩን አንገት ነው። እናንተም ቤታችሁ ሹፌር ካለ፣ አባት ይሁን ባል ይሁን ወንድም፣ ዛሬ ማታ እራት ላይ በቀልድ አስመስላችሁ አንድ ዓይኑን ሸፍኑና ስንት ጣት ነው በሉት። ከተቆጣ አትተዉት። የሚቆጣው ምክንያት አለው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የመንገድ ሻንጣውን ዘግቶ ጫማውን ያደርጋል። እናቴ ሥራዋን ትታ እጆቿን ታፋዋ ላይ አድርጋ ታየዋለች። እኔ ስልኬን አወጣሁ።

«ከሄድክ ለባለመኪናው እደውላለሁ።»

«ደውል» አለ፤ ቀና አላለም። «ቁጥሩን ታውቀዋለህ።»

«አባዬ፣ እውነቴን ነው።»

«ደውል አልኩህ እኮ። እኔንም ገላግለኝ።»

ደወልኩ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ለቅቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ሃሎ! ማነው?»

«የሹፌር ግርማ ልጅ ነኝ።»

«ምነው፣ አልተነሳም እንዴ እስካሁን?»

«ጋሼ፣ አባቴ ግራ ዓይኑ አያይም። ዛሬ ተመርምሮ ነው የታወቀው። ቀኙም ታሟል። መኪናውን እንዳይሰጡት ብዬ ነው። ይታከም፣ ከዚያ ሌላ ሥራ ቢፈልጉለት…»

ከባለመኪናው በስተጀርባ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«ሜዲካል አላወጣም?»

«አውጥቷል። ግን የተገዛ ነው።»

«ማኅተም አለው?»

«አለው።»

«ታዲያ ምን ችግር አለ? ስማኝ ልጄ፣ ወረቀት እስካለው ድረስ እኔን የሚጠይቀኝ የለም። የሆነ ነገር ቢፈጠር የሚጠየቀው እሱ ነው። መኪናው ኢንሹራንስ አለው፣ ጭነቱም ኢንሹራንስ አለው። ሰዓት እየሄደ ነው፤ ቶሎ በል በለው።»

ስልኩ ተዘጋ።

አባቴ አንዱን ጫማ አድርጎ ሌላውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። እናቴ ወደ እሱ አየች። እኔም አየሁት። ከጎረቤት ብረት ቤት የመበየጃው ድምፅ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመጣል።

«መኪናው ኢንሹራንስ አለው» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። እንደገና ለራሱ አለው። «ጭነቱም አለው።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። «ሰውየው ልጁን ሲድር ሦስት ቀን ሙሉ እንግዳ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። እናቱ ስታርፍ ሬሳዋን ይዤ እስከ አገሯ የሄድኩት እኔ ነኝ። ዓይንህ ምን ሆነ አላለም። ሰማሽው አይደል? አንድ ጊዜ፣ ለወጉ እንኳ፣ ምን ሆነ አላለም።»

«ሰማሁት» አለች እናቴ።

ሁለተኛውን ጫማ አደረገ። ክሩን ሲያስር ጊዜ ወሰደ። ተነሣና ኮቱን ለበሰ፤ ከኮቱ ኪስ ያን ወረቀት አውጥቶ እናቴ የምትሰፋው ዩኒፎርም ላይ አስቀመጠው። ሻንጣውን አላነሣም። የመኪናውን ቁልፍ ብቻ በመዳፉ ጨበጠ።

«ወዴት ነህ ግርማ?» አለች እናቴ።

«ቁልፉን ልመልስለት። ራሱ ይንዳው፤ ኢንሹራንስ አለው።»

«አብሬህ ልምጣ?» አልኩት።

በሩ ላይ ቆመ። ቁጣ ጠብቄ ነበር።

«አይሆንም» አለ። «ይህን ብቻዬን ነው የማደርገው። ነገ ጠዋት ግን ቀደም ብለህ ተነሣ፤ ዓይን ሆስፒታል ወረፋው ይበዛል ይላሉ።»

ወጣ። የቆርቆሮው በር ከኋላው ተዘጋ።